ዓርብ ማታ ማን ያሸንፋል? የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፉትቦል ግምት ለምን ይስታል

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 1994፣ ቴክሳስ። ዳላስ አጠገብ በሚገኘው ቴክሳስ ስታዲየም ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለፕሌይኦፍ፣ ማለትም ለዓመቱ ማብቂያ የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ ተገናኝተዋል። ጆን ታይለር እና ፕላኖ ኢስት። ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ጆን ታይለር 41 ለ 17 ይመራል። በዚያች ሰዓት «ማን ያሸንፋል?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው መልሱ አንድ ብቻ ነው። ጨዋታው አልቋል።

ከዚያ ፕላኖ ኢስት አራት ታችዳውን አከታተለ፤ ታችዳውን ኳሷን ይዞ የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር ማለፍ ነው፣ ስድስት ነጥብ ያስገኛል። በአሜሪካ ፉትቦል ነጥብ ያገባ ቡድን ኳሷን መትቶ ለተጋጣሚው ይሰጣል። ምቱ 10 ያርድ ከተጓዘ ግን ራሱ መቺው ቡድንም ሊይዛት ይችላል። ፕላኖ ኢስት ሦስት ጊዜ በአጭሩ መታ፣ ሦስት ጊዜ መልሶ ያዛት። 24 ሰከንድ ሲቀር 44 ለ 41 መራ። ቀጥሎ በተመታው ኳስ የጆን ታይለር ልጅ 97 ያርድ ሮጦ አገባ። 48 ለ 44። ጆን ታይለር በዚያው ዓመት የስቴቱን ዋንጫ ወሰደ።

እኛ «ኳስ ድቡልቡል ናት» እንላለን። ያልታሰበ ውጤት ሲመጣ መጽናኛችን ነው። የአሜሪካኖቹ ኳስ ደግሞ ድቡልቡል እንኳ አይደለችም፤ ሁለቱም ጫፏ የሾለ ነው። መሬት ስትነካ ወዴት እንደምትነጥር የመታትም ሰው በትክክል አያውቅም። ግን ነገሩን ለዕድል ሰጥቼ ማለፍ አልፈልግም። የደጋፊ ግምት የሚስትበት ከኳሷ ቅርፅ የጠለቀ ምክንያት አለ።

ጉዳዩ ደግሞ የእኛም ቤት ጉዳይ እየሆነ ነው። ቨርጂንያ ውስጥ፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች፣ አማርኛ በተማሪዎች ቤት በብዛት ከሚነገሩ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግም ብዙ ወገን አለ። ወላጅ ያደገው በእግር ኳስ ነው። ልጅ ደግሞ ሄልሜት ይዞ፣ የትከሻ መከላከያ አንጠልጥሎ ወደ ቤት ሊመጣ ይችላል። ጨዋታው ብዙ ጊዜ ዓርብ ማታ ነው። ኖቬምበር ሲገባ ፕሌይኦፍ ይጀመራል። ጥሎ ማለፍ ነው፤ የተሸነፈ ዓመቱ አበቃለት። ያኔ ሁሉም መገመት ይጀምራል። ቡና ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ በስልክ። ማን ያሸንፋል? በስንት?

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ስንት ጨዋታ እንዳሸነፉ ነው። 9 አሸንፎ 1 የተሸነፈ ቡድን፣ 6 አሸንፎ 4 ከተሸነፈው ይበልጣል ብሎ ይደመድማል። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ቢሆን ያስኬዳል። እዚያ 20 ክለቦች አሉ። ሁሉም ከሁሉም ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ይጫወታል። 38 ጨዋታ ሲያልቅ ሰንጠረዡ እውነቱን ይናገራል።

እዚህ ግን አንድ ቡድን ከፕሌይኦፍ በፊት የሚጫወተው 10 ጨዋታ ገደማ ነው። ብዙዎቹ ከጎረቤት ትምህርት ቤቶች ጋር ናቸው። በመላው አሜሪካ ከ1 ሚሊዮን በላይ ወጣቶች በሁለተኛ ደረጃ ፉትቦል ይጫወታሉ። ትምህርት ቤቶቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ በፕሌይኦፍ የሚገናኙ ሁለት ቡድኖች አንድ እንኳ የጋራ ተጋጣሚ ላይኖራቸው ይችላል። ዘጠኝ ደካማ ያሸነፈና ስድስት ጠንካራ ያሸነፈ በቁጥር ብቻ አይወዳደሩም። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ማንን አሸነፉ?» የሚለው ነው።

ይህን ቨርጂንያ በራሷ ደንብ ውስጥ አስገብታዋለች። ለፕሌይኦፍ ቡድኖች የሚመደቡት በነጥብ ነው። አንድ ቡድን ነጥብ የሚያገኘው በራሱ ድል ብቻ አይደለም። የተጫወታቸው ቡድኖች በሌላ ሳምንት ሲያሸንፉ ለእሱም ነጥብ ይጨመርለታል። ለዚህ ነው በጥቅምት መጨረሻ አንድ ደጋፊ ስለማያውቀው ትምህርት ቤት ውጤት እንቅልፍ የሚያጣው። ከሁለት ወር በፊት የረቱት ቡድን ዛሬ ቢሸነፍ የራሱ ቡድን ደረጃ ይወርዳል፤ ደረጃው ሲወርድ ደግሞ በራሱ ሜዳ የመጫወት ዕድሉ ይጠብባል።

ቴክሳስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ግራ መጋባት አላት። ብዙ ተማሪ ያላቸው ትምህርት ቤቶች በሚገኙበት ትልቁ ምድብ፣ 6ኤ በሚባለው፣ 32 ዲስትሪክቶች፣ ማለትም እርስ በርስ የሚጫወቱ ቡድኖች ስብስቦች፣ አሉ። ከእያንዳንዱ አራት ቡድን ያልፋል። 128 ቡድን ማለት ነው። ከአራቱ በተማሪ ብዛት የሚበልጡት ሁለቱ ወደ ዲቪዥን 1፣ የቀሩት ሁለቱ ወደ ዲቪዥን 2 ይገባሉ። መለኪያው የተማሪ ቁጥር ነው፤ ችሎታ አይደለም። ዲስትሪክቱን አንደኛ የጨረሰው ዲቪዥን 2 ሊገባ ይችላል። አራተኛ የወጣው ዲቪዥን 1 ሊገባ ይችላል። ስሙን ብቻ አይቶ «ዲቪዥን 1 ስለሆኑ ይበልጣሉ» የሚል ሰው ከመነሻው ተሳስቷል።

የተማሪ ብዛት ግን ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። እዚሁ አሌክሳንድሪያ የሆነው ምስክር ነው። በ1971 ከተማዋ የሦስቱን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿን 11ኛና 12ኛ ክፍል ተማሪዎች ቲ.ሲ. ዊልያምስ በተባለው አንድ ትምህርት ቤት ሰበሰበች። ዓላማው ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን አንድ ላይ ማስተማር ነበር። በከተማው ውጥረት ነበር። አሰልጣኝ ኸርማን ቡን ጥቁር ነው፤ ምክትሉ ቢል ዮስት ነጭ። ከዓመቱ በፊት የነበረውን ውጤት ይዞ የሚገምት ሰው ስለዚህ ቡድን ምንም ሊያውቅ አይችልም፤ ምክንያቱም ቡድኑ አልነበረም። ሦስት ትምህርት ቤት ሲዋሃድ ግን የሦስት ቡድን ምርጦች በአንድ ማሊያ ይሰለፋሉ። 13 ጨዋታ ተጫውተው 13ቱንም አሸነፉ። በፍጻሜው ሮአኖክ ላይ አንድሩ ልዊስን 27 ለ 0 ረቱ። ይህ ትምህርት ቤት ከ2021 ጀምሮ አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል ይባላል። ዛሬ የብዙ አበሻ ልጆች ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ የቅርብ ታሪካችን ሆኗል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ወደ ግምቱ ልመለስ። ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት ውጤትን እንደ ሰንሰለት መቀጠል ነው። ሀ ለን በ20 ነጥብ አሸነፈ። ለ ሐን በ10 አሸነፈ። ስለዚህ ሀ ሐን በ30 ያሸንፋል። ሒሳቡ ያምራል። ጨዋታ ግን እንዲህ አይደመርም። የነጥብ ልዩነት የሚወጣው ከብዙ ነገር ነው። አሰልጣኝ በሰፊው ሲመራ ተጠባባቂዎቹን ያስገባል። በብዙ ስቴቶች ልዩነቱ በጣም ሲሰፋ ሰዓቱ ሳይቆም እንዲሄድ ደንብ አለ፤ ጨዋታው በቶሎ እንዲያልቅ። 42 ለ 0 የተባለው ውጤት፣ ሁሉም እስከ መጨረሻው ቢጫወቱ 70 ለ 0 ይሆን ነበር ወይስ 42 ለ 21? ከቁጥሩ አይታወቅም።

የ1994ቱን ጨዋታ መልሳችሁ እዩት። መዝገብ ላይ ያለው 48 ለ 44 ነው። ያንን ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱ ቡድኖች እኩል ነበሩ ይላል። ሦስት ደቂቃ ሲቀር የነበረው ግን የ24 ነጥብ ልዩነት ነው። የትኛው ነው የሁለቱን አቅም የሚናገረው? እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ለየብቻ አይናገሩም። በሚቀጥለው ሳምንት ለመገመት የተቀመጠ ሰው ግን በእጁ ያለው 4 የምትል ቁጥር ብቻ ናት።

ኮምፒውተር ይህን የተወሰነ ያስተካክላል። የተጋጣሚን ጥንካሬ፣ የተጋጣሚን ተጋጣሚ ጥንካሬ እያለ የሺዎችን ጨዋታ ባንድ ላይ ይመዝናል። ደቡብ ካሊፎርኒያ እንዲያውም የፕሌይኦፍ ምድቦቿን የምታወጣው በዚህ ዓይነት ስሌት ነው። እዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። በጥንካሬ ተመጣጣኝ የሆኑ ቡድኖች አንድ ምድብ ሲገቡ ጨዋታው ይቀራረባል። ጨዋታው ሲቀራረብ መገመት ይከብዳል። ምደባው በደንብ በሠራ ቁጥር ገማቹ የበለጠ ይቸገራል።

አንድ ቀላል ሒሳብ ደግሞ አለ። ብዙ ደጋፊ የሚረሳው ይህን ነው። በቴክሳስ 6ኤ በየዲቪዥኑ 64 ቡድን ይገባል። ዋንጫ ለማንሳት ስድስት ጨዋታ በተከታታይ ማሸነፍ ያስፈልጋል። በጣም ጠንካራ ቡድን አለን እንበል፤ በእያንዳንዱ ጨዋታ የማሸነፍ ዕድሉ 80 በመቶ ነው። ስድስቱንም የማሸነፍ ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከአራት ዓመት አንዴ። ዕድሉን ወደ 90 ብናሳድገው እንኳ 53 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ «ዘንድሮ ዋንጫው የእኛ ነው» የሚል ሰው ቡድኑ በእውነት ምርጥ ቢሆንም እንኳ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ቡድኑ ከሸፈ ማለት አይደለም። ስድስት ዙር ረጅም ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ትክክል መሆን ብቻውን ችሎታን አያሳይም። ካሊፎርኒያ ኮንኮርድ የሚገኘው ደ ላ ሳል ከ1992 ጀምሮ 151 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፏል። ከሲያትል አጠገብ የመጣው ቤልቪው በሴፕቴምበር 2004 በ39 ለ 20 እስኪያቆመው ድረስ። በእነዚያ ዓመታት «ደ ላ ሳል ያሸንፋል» ያለ ሰው ሁሉ 151 ጊዜ ልክ ነበር። ምን ዐወቀ? ምንም።

አሁን ወደ ልብ ጉዳይ እንምጣ። ደጋፊ ሲገምት የሚያየውን ነው ወይስ የሚመኘውን? በ1951 ፕሪንስተንና ዳርትማውዝ የተባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ኃይለኛ ጨዋታ ተጫወቱ። የፕሪንስተኑ ኮከብ አፍንጫው ተሰበረ። የዳርትማውዝ ልጅ ደግሞ እግሩ ተሰበረ። ሃስቶርፍና ካንትሪል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የጨዋታውን ፊልም ለሁለቱም ትምህርት ቤት ተማሪዎች አሳዩ። ጥፋት ቁጠሩ አሏቸው። የፕሪንስተን ተማሪዎች ዳርትማውዝ ላይ የቆጠሩት ጥፋት፣ ራሳቸው የዳርትማውዝ ተማሪዎች ከቆጠሩት ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ። ፊልሙ አንድ ነው። ዓይኑ ግን ሁለት ነው። ያለፈውን ጨዋታ እንኳ በወገን ዓይን የምናይ ከሆነ፣ ገና ያልተደረገውን እንዴት ልናየው ነው? ለልጄ ትምህርት ቤት ስገምት እኔም ያው ነኝ። በ10 ነጥብ እናሸንፋለን ስል ስድስቱ ምኞት እንደሆኑ ዐውቃለሁ።

ግን የብዙ ሰው ግምት ባንድ ላይ ሲሆንስ? እዚህ ላይ የበሬ ታሪክ አለ። በ1906 እንግሊዝ አገር ፕሊመዝ ከተማ የከብት ትርኢት ላይ ሰዎች የአንድ በሬ ሥጋ ስንት እንደሚመዝን ይገምቱ ነበር። ፍራንሲስ ጋልተን 787 ካርዶችን ሰብስቦ አሰላ። የግምቶቹ መካከለኛ ቁጥር 1,207 ፓውንድ ሆነ። እውነተኛው ክብደት 1,198 ነበር። ቅርጫ የገባ ሰው ይህ አይገርመውም። በሬ ተራ አምስት ስድስት ሰው ዞር ዞር እያለ ሲያይ፣ አንዱ ሻኛውን፣ ሌላው ታፋውን፣ ሌላው ጥርሱን ሲመለከት፣ ተመካክረው የሚደርሱበት ግምት ከአንዱ ብቻ ይሻላል።

የፉትቦል ደጋፊ ግን እንደዚያ ገበያ አይደለም። የፕሊመዝ ሰዎች የየራሳቸውን ቁጥር በካርድ ጽፈው ነው የሰጡት፤ አንዱ የሌላውን አላየም። ደግሞ በሬው ከባድ ቢሆንም ቀላል ቢሆንም ግድ አልነበራቸውም። የከተማ ደጋፊ በሙሉ አንድ ዓይነት ወሬ ሰምቶ፣ አንድ ዓይነት ማሊያ ለብሶ፣ እርስ በርሱ እየተደማመጠ ነው የሚገምተው። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «በ21 እናሸንፋለን» ካለ ቀጣዩ በ14 ለማለት ያፍራል። የሺህ ሰው ግምት የአንድ ሰው ግምት ይሆናል። የሁለቱን ወገን ግምት ብትደምሩት ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሁለቱንም የተጫወተ የሦስተኛ ትምህርት ቤት ሰው ነው። እኔ መጠየቅ ካለብኝ እሱን ነው የምጠይቀው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዋናው ነገር ገና ነው። የዓርብን ጨዋታ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ከሕዝብ ዓይን የተሰወረ ነው። የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ የተጎዱ ተጫዋቾችን ዝርዝር ቡድኖች በየሳምንቱ እንዲያወጡ ያስገድዳል። በሁለተኛ ደረጃ እንዲህ ያለ ነገር የለም። አሰልጣኞች የተጋጣሚን ጨዋታ ሀድል በሚባለው መተግበሪያ ደጋግመው ያያሉ። ደጋፊ ግን የሚያየው የራሱን ቡድን ነው። በትንሽ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ በማጥቃትም በመከላከልም ይሰለፋል። እሱ ቁርጭምጭሚቱን ከታመመ የጎደለው አንድ ሰው አይደለም፤ ሁለት ቦታ ነው። ኳስ ወርዋሪውና ማጥቃቱን የሚመራው ኳርተርባክ ከታመመ ደግሞ ተተኪው ከአምና ወዲህ አንድም ወሳኝ ኳስ ያልወረወረ የ15 ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። በትምህርቱ የወደቀ ልጅ እንዳይሰለፍ የሚከለክሉ ደንቦችም አሉ። ቤተሰቡ ሐዘን ላይ የሆነም አለ።

እንግዲህ የኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። ደጋፊ የሚሳሳተው ባለማወቁ ነው ቢባል ትክክል ነው። ያላወቀው ግን ማወቅ የማይገባው ነገር ነው። የ16 ዓመት ልጅ ጉልበት፣ የፈተና ውጤት፣ የቤት ሁኔታ የሕዝብ መረጃ አይደለም። ግምቱን ትክክል ለማድረግ ብሎ የልጅን ስም እየጠራ «እጁ ተጎድቷል አሉ»፣ «ከአሰልጣኙ ጋር ተጣልቷል አሉ» የሚያወራ ሰው፣ በልጁ ገመና ነው የሚገምተው። ልጁ ደግሞ ይሰማል። ስልክ አለው። ሰኞ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል።

ቤቲንግ ሲጨመርበት ነገሩ ይከፋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሜይ 14 ቀን 2018 በአብዛኛው አገር የስፖርት ውርርድን ከልክሎ የነበረውን የ1992 ሕግ ሻረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ስቴቶች ፈቅደዋል። የሁለተኛ ደረጃ ጨዋታን ግን በአጠቃላይ ከውርርድ ውጭ አድርገውታል። ትክክል አድርገዋል። ማን እንደማይሰለፍ ቀድሞ የሚያውቀው የልጁ የክፍል ጓደኛ ነው። ያ ወሬ ገንዘብ የሚያወጣ ከሆነ፣ ወሬውን የያዘው ልጅና የወሬው ባለቤት የሆነው ልጅ ሁለቱም በትልልቅ ሰዎች እጅ ይወድቃሉ። ማንም ደሞዝ የማይከፍለው ልጅ ኳስ ስላመለጠችው ገንዘብ የተበላ ጎልማሳ ሊሰድበው አይገባም። በአዲስ አበባ የቤቲንግ ቤት ወረፋን ያየ ሰው የምለው ይገባዋል።

ታዲያ አንገምት? እኔ መገመት እወዳለሁ። የዓርብ ማታ ጣዕም ግማሹ እሱ ነው። ግን በመቶኛ ብንገምት ይሻላል ባይ ነኝ። ግሌን ብራየር የተባለ የአየር ትንበያ ባለሙያ በ1950 ትንበያን የሚመዝን ዘዴ አወጣ። ሥራው ቀላል ነው። «70 በመቶ እናሸንፋለን» ካልክና ካሸነፍክ፣ የጎደለህ 0.3 ነው፤ በራሱ አባዛው፣ 0.09። ከተሸነፍክ ደግሞ 0.7 በ0.7፣ 0.49። ዝቅተኛ ቁጥር ያለው አሸነፈ። አሁን «90 በመቶ» ብለህ ብትሸነፍ 0.81 ይቆጠርብሃል። 60 ብለህ ብትሸነፍ 0.36። በድፍረት የሳተ ብዙ ይከፍላል። በጥንቃቄ የሳተ ጥቂት ይከፍላል። የሦስት አራት ቤተሰብ ሰዎች ከሴፕቴምበር ጀምሮ በደብተር ቢይዙት፣ በኖቬምበር ማን በልቡ፣ ማን በዓይኑ እንደሚገምት ይለያል። የልጅ ስም አያስፈልገውም። የቡድን ስምና አንድ ቁጥር ይበቃል።

እንዲህ ያለ አባት አስቡ። ፉትቦል ብዙም አይገባውም። ታችዳውን ስድስት ነጥብ መሆኑን የተማረው ዘንድሮ ነው። ማክሰኞ ማታ የልጁን ቁርጭምጭሚት በበረዶ የያዘው ግን እሱ ነው። ረቡዕ ሐኪም ጋ ወስዶታል። ሐሙስ ማታ ጎረቤት ቡና ተጠርቷል። አንዱ በ14 እናሸንፋለን ይላል። ሌላው በ21። ሦስተኛው የተጋጣሚውን 9 ድል እየቆጠረ ይከራከራል። «አንተስ? የልጁ አባት፣ ምን ትላለህ?» ይሉታል። ከቤቱ ሰው ሁሉ ይበልጥ የሚያውቀው እሱ ነው። «እንግዲህ እናያለን» ይልና ቶናውን ይቀበላል።